ፀጉሬና አግዳሚው የጠፋበት ኤች

በማተሚያ ቤታችን ፊደል ለቃሚው መላጣ ነው፤ እኛ ግን ፀጉሬ እንለዋለን። ስሙን ያወጣንለት ከሚወደው የላቲን ፊደል ዓይነት ነው። የዚያ ፊደል ቋሚ ግንዱ ወፍራም፣ አግዳሚው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። እግሩ ሥር ያለችውም ቀጭን ጭረት ያለ አንዳች ጉብጠት ቀጥ ብላ ግንዱን ትገጥመዋለች።

«ሌላው ፊደል ለብሷል ይባላል እንጂ፣ ይሄ ሱፍ በከረባት ነው!» ይላል ፀጉሬ። የሠርግ መጥሪያ ይሁን የሳሙና መጠቅለያ፣ በሌላ ፊደል አትም ካሉት ያኮርፋል።

መነጽር ቤት ያላት ታላቅ እህቱ የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳዋ ተቀዳደደባትና አዲስ እንዲያትምላት ለመነችው። መቼም አላስቻለውም፤ በዚያው በሚወደው ፊደል አሳምሮ ሠራላት።

በሳምንቱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዓይኑ ደከመ። እኔም መነጽር ታዘዘልኝና ሁለት ቀን ሙሉ ደረጃ ሲያደናቅፈኝ ሰነበተ። ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር የሚያሾልኩት አዛውንት ልብስ ሰፊ እንኳ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆሙ።

«ምን ይታይዎታል?» አለቻቸው እህትየው።

«ሁለት ምሰሶ።»

«ኤች እኮ ነው!»

«እንግዲያው አግዳሚውን ገና አልመቱለትም!» ብለው ተቆጥተው ወጡ።

እህትየው ነገሩ አላማራትም፤ ወንድሟን አስጠራችው።

«የዚህ ፊደል መሃሉ የት ገባ?»

«እትዬ፣ ጥፋቱ የሰው ዓይን ነው» አለ ፀጉሬ። ወንበሩ ላይ ተንፈላሶ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ሳይሳሳት ወረደው።

እሷም አሮጌውን፣ በፕላስተር የተጣበቀውን ሰሌዳ ሰቀለች። ፀጉሬ አንገቱን አሰገገ፤ ዓይኑን አጨነቆረ።

«እ... ይሄ ጉንዳን ነው?»

ለካስ የራሱን ሰሌዳ በቃሉ ነበር የወረደው!

በማግስቱ እህቱ ያዘዘችለትን መነጽር አድርጎ ሥራ ገባና የድሮ ሥራዎቹን አንድ በአንድ አየ። ቀጫጭኖቹ መስመሮች ግማሾቹ ተቆራርጠዋል፤ ግማሾቹ ጭራሽ ወረቀቱ ላይ አልወጡም።

«ይሄን ሁሉ ዓመት እያያችሁ ዝም አላችሁኝ?»

«ስንነግርህ እህቴ ጋ ሄዳችሁ ተመርመሩ አልከን!» አልነው።

እሱም በዚያው ቀን ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል በሆነ ፊደል ሌላ ሰሌዳ አተመ። ልብስ ሰፊው ተለምነው ተመለሱና እስከ መጨረሻው መስመር አንበለበሉት።

«ዓይንዎ ደህና ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለቻቸው እህትየው።

«የኔስ ደህና ነው» አሉ ኮታቸውን እያነሱ። «ሰሌዳሽ ግን ወደ ግራ አዘንብሏል።»

እውነትም አዘንብሎ ነበር።