ሦስቴ የመጣው አሰልጣኝ

አባቴ አሜሪካ ከገባ ወዲህ ብዙ ነገር ለምዷል፤ ልጅ ሲጠየቅ በመጀመሪያው ቀን «እሺ» ማለት ግን እስከ ዛሬ አልሆነለትም።

የተጠየቅሁት እኔ ነበርኩ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ኧርቪንግ በምትባለው ከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ የቤዝቦል ቡድናችን ኳስ ወርዋሪ ነበርኩ። ክንዱ ጥሩ ነው ተብሎ ሁለት አሰልጣኞች ቤታችን ድረስ መጡ። አንደኛው ጨዋታው በቴሌቪዥን ከሚታይ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው ሜዳው ከከብት ግጦሽ ከሚዋሰን ትንሽ ኮሌጅ። በትልቁ መጀመሪያ ተቀምጬ ማየት፣ በትንሹ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ መጫወት ነበር የሚጠብቀኝ። እኔ የፈለግሁት ቴሌቪዥኑን ነው።

የትልቁ አሰልጣኝ ሲመጣ አባቴ ሱፉን ለብሶ ጠበቀው። ሰውዬው ተናግሮ ሲጨርስ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ዘመድ እናማክር፤ ሌላ ቀን ይመለሱ በለው» አለኝ። እህቴን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ይመስል።

«አባ፣ ይሄ እኮ ኮች ነው። ሶ ዛሬ ኦኬ ካላልነው ሌላ ልጅ ኮል ያደርጋል።»

«ያድርጋ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። የፈለገህ ይመለሳል።»

ተረጎምኩ። ሰውዬው ፈገግ ብሎ ጨበጠንና ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ቦታዬን ከጎረቤት ከተማ ከፕሌኖ ለመጣ ልጅ ሰጠው። አለቀስኩ። አባቴንም አኮረፍኩት።

የትንሹ ኮሌጅ አሰልጣኝ ሲመጣ ያው ሱፍ ተለበሰ፣ ያው ቃል ተደገመ። ይሄም ሄደ ብዬ ቁርጤን አወቅሁ። ሰውዬው ግን ተመለሰ። አባቴ አሁንም «ትንሽ ጊዜ ይስጡን» አለው። በሦስተኛው ሚስቱን ይዞ መጣ፤ የእናቴን ዶሮ ወጥ እንባው እየወረደ አስጨምሮ በላ።

ያኔ አባቴ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ልጅዎ ነው። አደራ» አለው።

እኔ አፍሬ፣ «ተስማምተናል ይላል» ብዬ ተረጎምኩለት።

በኮሌጁ የመጀመሪያ ጨዋታዬ ክንዴ ከዳኝ። የወረወርኩትን ሁሉ ተጋጣሚዎቻችን ይመቱታል፤ ለዚያች ሜዳ እንኳ የማልረባ መሰለኝ። አሰልጣኙ ወደ እኔ ሲመጣ ሊቀይረኝ ነው ብዬ ኳሷን ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም።

«ቤታችሁ ሦስት ጊዜ የተመላለስኩት በአንድ ክፉ ቀን ልተውህ ነው?» ብሎኝ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ያን ቀን ተሸነፍን፤ እስከ መጨረሻው የወረወርኩት ግን እኔ ነበርኩ። ያልተረጎምኩለትን አደራ ሰውዬው ሰምቶት ኖሯል።