«እህል አትቅመሱ» የሚለው ደንባችን

ባሕር ዳር ውስጥ ካቶሊክ የሆንን የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች ብንጠራራ ለሁለት ባጃጅ እንኳ አንሞላም። እኔ ከእምድብር ነኝ፤ ሌሎቹንም እንጀራ ነው ከየአገሩ ያመጣቸው። የሙያ ማኅበር እናቋቁም ያሉን ሲስተር ናቸው፤ ከባሕር ማዶ መጥተው እዚሁ ያረጁ መነኩሲት።

በስብሰባችን ሻይ እየቀዱ የጥንቶቹን ያወሩልን ነበር። በአገራቸው ድኻ መጠየቅ ድሮ የባለጸጋ ሴቶች ወግ ነበር አሉ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ሥራው ትምህርትና ደመወዝ ያለው ሙያ ይሁን ያሉ ካቶሊክ ሴቶች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ማኅበር መሠረቱ፤ በሌላ አገር ካሉ መሰሎቻቸውም ጋር ተያያዙ። የሲስተር መምህርት ከእነዚያ አንዷ ነበሩ። ለተማሪዎቻቸው ያወረሱት ደንብ አጭር ነው፦ ልትረዱ ከሄዳችሁበት ቤት እህል አትቅመሱ። ድኻው የመጨረሻ ቁራሹን ለእንግዳ ሰጥቶ ጦሙን እንዳያድር ነው። እኛም ያለ ክርክር ደንባችን አደረግነው፤ ኮራንበትም።

የኮራሁበት ደንብ ዘጌ ላይ ጉድ ሠራኝ። እዚያ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። እናቷ ዓረብ አገር ናት። ሕፃኗ አንድ እግሯ ወደ ውስጥ ተጣሞ ነው የተወለደችው። ሐኪሙ አጥንቷ ለጋ ሳለ በጀሶ ይቃናል፤ ከቆየ ግን ያስቸግራል ብሎኛል። ለዚህም ባሕር ዳር፣ ሲስተር ዘንድ፣ መሰንበት አለባት። ሽማግሌው በጥሞና ሰሙኝና የዓሣ ወጥ አቀረቡ። በልቻለሁ አልኳቸው። ለመኑኝ፣ ደግመው ለመኑኝ፤ እኔ ግን ግትር ነኝ፤ አልቀመስኩም። መሶቡን ከደኑት።

ልጅቱን ልወስድ ስመለስ ቤቱ ተዘግቷል። ጎረቤታቸው በሩን ሳይሆን እኔን እያየች፣ ሽማግሌው ያሉትን ነገረችኝ።

«እህል ውሃዬን የተጠየፈች፣ ልጄን እንዴት አድርጋ ትይዝልኛለች?»

ጀልባ ላይ አለቀስኩ። ተናድጄም ነበር። በማን እንደምናደድ ግን አላወቅኩም፤ ሰውየው እውነታቸውን ነው። የማያውቁት ሰው ልጅ ሊወስድባቸው መጥቷል፤ እምነቱም ሌላ ነው፤ አብሮ አይቆርስም። እኔስ ብሆን እሰጣለሁ?

ለሲስተር ስነግራቸው «ነገ አብረን እንሄዳለን» አሉኝ። ደንቡስ አልኳቸው። «ደንቡ የወጣው ድኻ እንዳይጎዳ ነው» አሉ፤ «አሁን የሚጎዳው ማን ነው?»

ሽማግሌው ሲስተርን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እማሆይ፣ ይግቡ» አሉ። እኔን አላዩኝም። ሲስተር ከመቀመጣቸው፣ ስለ ልጅቱ አንድም ቃል ሳያነሡ፣ እንደራባቸው ተናገሩ። ሲስተር በርበሬ አይችሉም። ያ ወጥ ደግሞ ዓይን የሚያስለቅስ ነበር። ፊታቸው ቀላ፤ እንባቸው ወረደ፤ እጃቸውን ግን ከመሶቡ አላነሡም። ሽማግሌው መጀመሪያ ደነገጡ፤ በኋላ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሕፃኗም እሳቸውን አይታ ሳቀች። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ሽማግሌው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ከፈትኩ። ሳልውጠው ሁለተኛውን አዘጋጁ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉ፤ «እኛ ደግሞ መጣላቱን ጨርሰናል።»

ያንን ውጬ ቀና ስል ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስቀመጧት። ጠማማዋን እግር በመዳፌ ያዝኩ። ትሞቃለች። ይህን ያህል ተጨንቄ የያዝኩት ነገር የለም።

ወዲያው ጀልባው በጥሩምባ ጠራን። ሲስተር ከፊት፣ እኔ ልጅቱን አዝዬ ከኋላ፣ ሽማግሌውም በቡና ተክሉ መካከል እስከ ሐይቁ ድረስ እየሮጡ ሸኙን። ጀልባው ሲነሣ ሕፃኗ እንዳታለቅስ ሳቅ ሳቅ እያሉ ግራ እጃቸውን አወዛወዙላት። ቀኙን ለምን እንደማያነሡ መጀመሪያ አልገባኝም። ከልብሳቸው አርቀው፣ ጣቶቻቸውን ገጥመው ይዘውታል። እኔን ካጎረሱኝ በኋላ ለመታጠብ ጊዜ አላገኙም ነበር።