ጋሼ ሰይድ የሠራልኝ ክራንች

እዚህ ዓረብ አገር፣ ዑለያ በሚባለው ሰፈር፣ ቀለል ያሉ የቤት ዕቃዎች ንድፍ ከምሠራበት ቢሮ ፊት ለፊት፣ የመንገዱ ቴምሮች ሲገረዙ የእርጥቡ ቅርንጫፍ ሽታ እስከ መስኮቴ ይመጣል። ባልደረቦቼ አቧራውን ያማርራሉ። እኔ መስኮቱን ከፍቼ ጋሼ ሰይድን አስባለሁ።

ልጅ ሳለሁ እዚሁ ከተማ ዑድ ሰፈር ውስጥ ጎረቤታችን ነበር። የወሎ ሰው፣ ረጅም፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስላልነበረው ሥራ የሚወጣው ገና ሳይነጋ ነበር፤ ሥራ ባጣ ቀን ደግሞ ክፍሉ ተቀምጦ ሰው ከጣለው ዕቃ ሌላ ዕቃ ይሠራል። የሙዝ ካርቶን መደርደሪያ ይሆናል፣ የውሃ ላስቲክ የመብራት ሽፋን ይሆናል። የሕንፃው ልጆች ክፍሉን እንወረው ነበር። የሚያጫውተን ጨዋታ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ዕቃ ያነሣና "ምን ቢቀነስለትም ይቆማል?" ይለናል። እኛ የመጣልንን ስንል እሱ እውነቱን አድርጎ ይፈታዋል። አብሮት የሚኖረው ሰውዬ ከሥራ ሲመለስ ወንበሩ ተበታትኖ ያገኘዋል፤ ወይ ጉድ!

የእኔ ግራ እግር ከሕፃንነቴ ጀምሮ አይታዘዘኝም። አባቴ የገዛልኝ የብረት ክራንች ከባድ ስለነበር ደረጃውን ወጥቼ ስጨርስ ብብቴ ይላጣል። ከትምህርት ቤት መቅረት አበዛሁ፤ እናቴም "በቃ፣ እቤት ትቀመጥ" ማለት ጀመረች። ጋሼ ሰይድ ይህን ሰምቶ ክራንቼን በእጁ መዘን መዘን አደረገና "ይሄ መች ልጅቷን ይሸከማል? ልጅቷ ናት የምትሸከመው" አለ።

የመጀመሪያውን ከአንድ ወፍራም የቴምር ቅርንጫፍ ጠርቦ ሠራልኝ። ደረጃው ላይ ተሰበረና አፍንጫዬ ደማ። ከእኔ ይልቅ ያለቀሰው እሱ ነው። "አብሽሪ የኔ ልጅ፣ መቀነሱን አብዝቼው ነው" አለኝ። ቀጥሎ ቀጫጭኖቹን እንደ ነዶ ሰብስቦ በብስክሌት ከመነዳሪ ጠፈራቸው። ላባ ነበር። ደረጃውን ሳላርፍ ስወጣ እናቴ እልል አለች፤ ትምህርት ቤትም ተመለስኩ።

ቁመቴ ግን ቶሎ ጥሎት ሄደ። ጋሼ ሰይድ ረዘም ያለ ጥንድ ጀመረልኝና አንደኛውን ጨረሰ። ለሁለተኛው የሚሆን ቅርንጫፍ ማዶ ሰፈር መንገድ ዳር ተከምሯል አሉት። በጠራራ ፀሐይ ተነሣ።

"ወንድሜ፣ ሲመሽ ብትሄድ አይሻልም?" አለችው እናቴ፣ ፈርታ።

"ሲመሽማ ኸላስ፣ የቆሻሻ መኪናው ይወስደዋል። ኢንሻአላህ አሁን መጣሁ።"

ቅርንጫፉን እንደተሸከመ ፖሊሶች ኢቃማ ጠይቀው ያዙት። አባቴ ልብሱን ይዞለት እስር ቤት ሄደ፤ አላስገቡትም። ወደ አገሩ ከመለሱት በኋላ አንዴ ደወለ። ስልኩን ሰጡኝ፤ እኔ ግን ለቅሶዬ ቀድሞኝ ምን እንዳለኝ እንኳ አልሰማሁም። ያ ይቆጨኛል፤ ዳግመኛ አልደወለማ።

አባቴ ሁለተኛውን እንደሱ ሊያስር ሞከረ፤ እየላላ አስቸገረውና ተወው። ስለዚህ በቀኝ የጋሼ ሰይድን፣ በግራ የብረቱን ይዤ ትምህርቴን ጨረስኩ። አንዱ ጎኔ ቀሎት፣ አንዱ ከብዶት አደግሁ። ዛሬም ግራ ትከሻዬ ከቀኙ ዝቅ ይላል። ልብስ ሰፊዬ በለካችኝ ቁጥር "እህቴ፣ በስፖንጅ ላስተካክልልሽ?" ትለኛለች።

"ተዪው" እላታለሁ።