ሽማግሌዎች ቆመው የገጣጠሙት አውሮፕላን

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባል ወይ ብዬ ብዙ አመንትቻለሁ። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የዶርም ጓደኞቼ የሚያወሩት ስለ ትልልቅ ጉዳይ ነው፤ የእኔ ደግሞ ስለ አንድ የፕላስቲክ አውሮፕላን ነው፣ እሱም የማይበር። ነገር ግን ለሦስት ሰው አውርቼው ሦስቱም ሆዳቸውን ይዘው ስለሳቁ፣ ካልቀረ በትክክል ይጻፍ ብዬ ተነሣሁ። ያላየሁትን ላለመጨመር ተጠንቅቄአለሁ።

አባቴ ጡረታ የወጣበት ዓመት ነበር። ከጎጃም በመንግሥት ሥራ ተመድቦ ሐረር ሲመጣ ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብሎ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የቤት ፕላን ሲነድፍ ኖረ። ቤት ሲውል ግን ያልተበላሸ ነገር መጠገን ጀመረ። የግድግዳውን ሰዓት ፈታ፣ የሳሎኑን በር ከማጠፊያው ነቀለ፣ የውኃውን ቧንቧ ፈትቶ ሁለት ቀን ከጎረቤት አስቀዳን። እናቴ፣ «እኔንም ሳይፈታኝ አንድ ነገር ፈልጉለት» አለች።

የፈለገችለት እህቴ ናት። ፈረስ መጋላ አካባቢ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ሳልቫጅ ልብስ የምትሸጥ ሴት አዲስ ቦንዳ ስትፈታ ደረሰች፤ ከልጆች ጃኬቶች መሐል አንድ ያልተከፈተ ካርቶን ወጣ። ሻጯም ምን እንደሆነ አላወቀችም። በካርቶኑ ላይ ሁለት ሞተር ያለው፣ አፍንጫው በሙሉ መስታወት የሆነ አረንጓዴ አውሮፕላን ደመና ሰንጥቆ ሲሄድ ተስሏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ቦምብ ይጥሉበት የነበረ አውሮፕላን ነው። ውስጡ ተገጣጥመው ያንኑ አውሮፕላን የሚሆኑ፣ እንደ ዓሣ አጥንት የተያያዙ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች አሉ፤ መቶ ሠላሳ አራት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው።

አባቴ፣ «የልጅ ነገር ነው» አለ። ከምሳ በኋላ የምግብ ጠረጴዛችን ጸድቶ ጋዜጣ ለብሶ አገኘነው። ከእናቴ ወረንጦዋን፣ ከእህቴ የጥፍር ሞረዷን ወሰደ፤ እኔን ምላጭና ሱፐር ግሉ እንድገዛ ላከኝ። ሥራዬም ተነገረኝ፦ ቁጥር አንብቤ ቁራጩን ማቀበል፣ የተለጠፈውን በደብተር ላይ መሰረዝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እንደዚያ ደብተር በንጽሕና የያዝኩት ደብተር የለኝም።

ሰባት ሰዓት ሠርተን ሰባት ቁራጭ የለጠፍንበት ቀን አለ። አባቴ እያንዳንዷን ሦስት ጊዜ ይሞርዳታል፤ ለብርሃን ያሳያታል፤ ይነፋታል። እኔም አብሬው እነፋለሁ። ሳል የያዘን ነበር የምንመስለው።

በዚህ መሐል እህቴን የሚፈልጋት ሰው ሽማግሌ ላከ። ድሬዳዋ አስተማሪ ነው፤ ሁለት ዓመት ተዋውቀዋል፤ ቤታችን ሁሉም ያውቃል፣ አባቴም ያውቃል፤ ግን እንደማያውቅ ነው የሚኖረው። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ የደብራችን ቄስ ናቸው፤ መምሬ እንላቸዋለን። ሁለተኛው ከጦር ሠራዊት ጡረታ ወጥተው ኤረር በር አጠገብ ሰዓት የሚጠግኑ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ሦስተኛው ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው፤ ልብስ ሰፊ ናቸው። ልጁ፣ «ሐጂ ካልገቡበት አባትሽ እሺ አይሉም» ብሎ እህቴን አማክሮ ነው የለመናቸው።

በጥቅምት የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስቱም ሳሎናችን ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። አባቴ አንድ ሞተር በወረንጦ እንደያዘ፣ «ተቀመጡ እንጂ» አለ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መምሬ። «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን ነው የመጣነው።»

አባቴ ቀና አላለም። «መልካም ነው። ግን እንደምታዩት እጄ ላይ ሥራ አለ። የጀመርኩትን ሳልጨርስ ሌላ አልጀምርም። ይህ ሲያልቅ ቃሌን እሰጣለሁ።»

«መቼ ያልቃል?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«እንደ ሥራው ነው።»

ከጓዳው በር ጀርባ እህቴ ቃተተች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሐጂ ግን ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ አባቴን። «ይህ ክንፍ የግራው በቀኝ ነው የገባው።»

«ሐጂ፣ ስለ አውሮፕላን ደግሞ ምን ያውቃሉ?»

«ስለ አውሮፕላን አላውቅም። ስለ እጅጌ አውቃለሁ። እጅጌ እንዲህ ከተሰፋ ሰውየው ወደ ፊት እየሄደ ወደ ኋላ ሰላምታ ይሰጣል።»

አባቴ አየው። እኔም አየሁት። እውነት ነበር፤ ደብተሬ ላይ ሁለቱን ቁጥሮች አገላብጬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጆሮዬ ጋለ። ሐጂ መነጽራቸውን አወጡ፣ «ቢስሚላህ» ብለው ወንበር ሳቡ፣ ምላጩን ተቀብለው ክንፉን እንደ ስፌት ይተረትሩት ጀመር።

ሃምሳ አለቃ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አሉ። «ሐጂ፣ ተቀመጡ እኮ።»

«አዎ፣ ተቀመጥኩ።»

«መቀመጥ አልነበረብንም።»

የሐጂ እጅ ቆመ። አባቴ ግን ወረንጦውን አስቀመጠ፤ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈካ። «እንግዲህ ከተቀመጣችሁ እንግዶቼ ናችሁ። ለእንግዳ ምሳ ይቀርባል። ሽማግሌ ሌላ ቀን ይመጣል።»

ምሳ ቀረበ። ሐጂ የራሳቸውን ለብቻ በጎመንና በሽሮ በሉ፤ ሌሎቹ ዶሮውን በሉ፤ ማንም ስለ ጋብቻ አላነሣም። ከሄዱ በኋላ እህቴ ጓዳ ውስጥ ያዘችኝ።

«አቦ፣ ሽማግሌ ይላክልኝ ብል ክንፍ ሰፊ ተላከልኝ» አለች። ከዚያ ሳቋን ዋጠችና፣ «ስማ፤ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ባዶ እጃቸውን ከሄዱ የልጁ ቤተሰቦች ይቀየማሉ። አንዱን በልተውታል። ቶሎ አስጨርሰው» አለችኝ።

እሺ አልኳት። አባቴ ደግሞ፣ «አትቸኩል» አለኝ። እሺ አልኩት።

በሳምንቱ መሐል የአፍንጫውን መስታወት ለጠፍን። አባቴ እንዳይለቅ ብሎ ሱፐር ግሉ ደጋግሞ ቀባው። በማግስቱ ስናየው መስታወቱ በሙሉ በነጭ ጉም ተሸፍኗል፤ ውስጥ ያስቀመጥናቸው ሁለት አብራሪዎች ጠፍተዋል። አባቴ አዘነ ለማለት ይከብደኛል። «በቃ፣ ሌላ መስታወት እስኪገኝ ይቆያል» አለ። ሌላ መስታወት ከየትኛው ቦንዳ ይወጣል ብዬ አልጠየቅሁም።

በሁለተኛው እሑድ ሽማግሌዎቹ ተዘጋጅተው መጡ። ሐጂ የክር መቀሳቸውን፣ ሃምሳ አለቃ የሰዓት ሠሪ አጉሊ መነጽራቸውን ይዘዋል። መምሬ በሩ ላይ ቆመው፣ «ሥራው ካላለቀ ቃል የለም ብለዋል። እንግዲያው ሥራውን እናግዛለን። ግን አንቀመጥም» አሉ።

አባቴ በጠረጴዛው ዙሪያ ቦታ ለቀቀላቸው።

ሦስት ሽማግሌ ጠረጴዛ ከበው ጎንበስ ብለው ቆሙ። ሃምሳ አለቃ ጉሙን አይተው፣ «የጥርስ ሳሙና አምጡልኝ» አሉ። እህቴ ከጓዳ እንዴት እንደወጣች አላየሁም፤ ቱቦው እጃቸው ላይ ነበር። የሰዓት መስታወት ሲጫር በእሱ ነው የሚያጠሩት። በለስላሳ ጨርቅ ላይ ጠብ አደረጉና ያሽከረክሩት ጀመር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንደኛው አብራሪ ታየ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው። «ማሻአላህ፣ በሕይወት አሉ» አሉ ሐጂ፤ አባቴ ሳይወድ ሳቀ።

እኔ ቁጥር እጠራለሁ፤ መምሬ ቁራጩን ይፈልጋሉ፤ ሐጂ ይቆርጣሉ፤ አባቴ ይለጥፋል። ቦምቦቹ ላይ ስንደርስ መምሬ መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩአቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቦምብ ነው፣ አባታችን» አልኩ።

«ቦምቡ ይቅር» አሉ ሐጂ። «ትዳር ልንመሠርት ነው የመጣነው።»

በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ጭራው ላይ የሚለጠፈውንም የናዚ የክፉ ዘመን ምልክት መምሬ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ስምንቱን ቦምቦች ደብተሬ ላይ «በሽማግሌ ውሳኔ የቀረ» ብዬ ጻፍኩ።

ሦስተኛው ሰዓት ላይ ጉልበት መክዳት ጀመረ። መምሬ ቅዳሴ ቆመው የለመዱ ናቸው፤ አልተነቃነቁም። ሐጂ ግን አንዴ በዚህ እግር አንዴ በዚያ ይላሉ፤ ዓይናቸው ወንበሩን ያያል። መምሬ ምንም ሳይናገሩ መቋሚያቸውን አቀበሏቸው። ሐጂ ብብታቸው ሥር አስገብተው ተደገፉበትና በሌላ እጃቸው ጎማ ይዘው፣ «አላህ ይስጥልኝ» አሉ። እናቴ ውኃ ይዛ ስትገባ አይታቸው ተመልሳ ወጣች፤ ጓዳ ውስጥ ከእህቴ ጋር ሲስቁ ይሰማኝ ነበር። ያን ቀን ሃምሳ ሁለት ቁራጭ ተለጠፈ። ከአባቴ ጋር ብቻ ቢሆን እስከ ሚያዝያ ይወስድብን ነበር። አባቴ ሲሸኛቸው መንገድ ድረስ ወጣ፤ ስለ ጎማዎቹ እያወራ።

ሐሙስ ዕለት የቀረውን ቀለም ስንቀባ አባቴ ድንገት፣ «ድሬዳዋ ሙቀቱ ለእሷ አይስማማትም» አለኝ።

«አባዬ፣ አንድ ሰዓት መንገድ ነው።»

«ለሚሄደው ነው አንድ ሰዓት» አለ፤ ብሩሹን አጠበ።

ዓርብ ደብተሬን ስፈትሽ አንድ ቁጥር ብቻ ያልተሰረዘ ነበር። የቀኙ ሞተር ፕሮፔለር ነው፤ ፊቱ ላይ የሚሽከረከረው። ወለሉን በእጄ ዳሰስኩ፣ ምንጣፉን አራገፍኩ። በመጨረሻ የአባቴን መነጽር ልወለውልለት ማኅደሩን ስከፍት ፕሮፔለሩ እዚያ ተኝቷል፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ። መልሼ ዘጋሁት። አባቴን በሰው ፊት ላሳጣው አልችልም፤ እህቴ ደግሞ ባየችኝ ቁጥር፣ «ስንት ቀረ?» ትለኛለች።

በሦስተኛው እሑድ ሽማግሌዎቹ መጥተው ቆሙ። አውሮፕላኑ ክንፉን ዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ያምራል። መምሬ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ መዝጋቢው አንተ ነህ። ምን ቀረ?»

«አንድ፣ አባታችን። ፕሮፔለር።»

«የት አለ?»

አባቴ ፈጥኖ፣ «ጠፋ። ቢፈለግ ቢፈለግ ጠፋ። እንግዲህ ጎዶሎ ሥራ አለቀ አይባልም» አለ።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የነጠላዋን ጫፍ ያዘች። ሃምሳ አለቃ ቆባቸውን አነሡ። ሦስተኛው ጉዞ ማለቁ ነው።

«አባዬ» አልኩ፤ ድምፄ ቀጠነ። «መነጽርህን አድርገህ ብታየው ይገኛል።»

አየኝ። ብዙ አየኝ። ሁሉም ይጠብቃሉ፤ መነጽር አድርግ የተባለ ሰው እምቢ የሚልበት ምክንያት የለውም። ከኮት ኪሱ ማኅደሩን አወጣ፣ ቀስ ብሎ ከፈተ፣ ጨርቁን ገለጠ። ፕሮፔለሩ ጠረጴዛው ላይ ወድቆ እንደ እንዝርት ዞረና ቆመ።

ከዚያ ሐጂ፣ «ወላሂ፣ እኔም መርፌዬን እዚያ ነው የማስቀምጠው» አሉ።

ሃምሳ አለቃ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። መምሬ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። መጀመሪያ ጮክ ብሎ የሳቀው አባቴ ራሱ ነው፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እህቴ በሩን ይዛ ቁጢጥ አለች። አባቴ ዓይኑን ጠራርጎ ፕሮፔለሩን አነሣ። አልሞረደውም። ሞተሩ ላይ ሰካውና አንድ ጊዜ እፍ አለበት፤ ዞረ።

«ተቀመጡ» አለ። «ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ተቀመጡ። ሐጂ ከሁሉም ቀድመው።

ሠርጉ በጥር ሆነ። በማግስቱ መልስ ተደረገ፤ ሲመሽ ሙሽሮቹ ወደ ድሬዳዋ ሊሄዱ መኪና ሲገቡ አባቴ ኮቱን ለብሶ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተገኘ። የሚያስወርደው አልተገኘም። ማግስቱን ከሰዓት በሚኒባስ ብቻውን ተመልሶ ጫማውን እያወለቀ፣ «ቤታቸው ነፋስ ያገኛል፤ መስኮቱ በምሥራቅ ነው» አለን፤ ከዚያም ጋዜጣውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ለእናቴ እራት የሚሆን ቦታ ለቀቀላት። ነገሩ በሙሉ ያበቃው ያን ዕለት ነው፤ ማክሰኞ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.።