ለሽምግልና ወደ ቦጎታ

ቦጎታ ልትሄዱ ያሰባችሁ የኮሎምበስ ኦሃዮ ሰዎች እየደወላችሁ ስለ ከተማዋ ትጠይቁኛላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። አስቀድሜ ግን ልንገራችሁ፣ እኔ ፈሪ ነኝ። ሃይዌይ ላይ መርጅ ሳደርግ፣ ከሚበሩት መኪኖች መሀል ስገባ፣ ዓይኔን ልጨፍን ምንም አይቀረኝም። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ፤ የምመክራችሁን ሁሉ የፈሪ ምክር ነው ብላችሁ ያዙት።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም፣ ለሽምግልና ነው። የሟች ወንድሜ ልጅ ናሆም እዚህ ኮሌጅ ሲማር ዳንኤላ ከምትባል የኮሎምቢያ ልጅ ጋር ተዋወቀ። ልጅቷ እናት የላትም። ወረርሽኙ ሲመጣ አባቷ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብላ ወደ ቦጎታ ተመለሰች፤ እሱ ዌርሃውስ እየሠራ፣ እሷ እዚያ ሆና፣ ፍቅሩ በስልክ ቀጠለ። አግብቶ ሊያመጣት ሲነሳ አባትየው ዶን ኤርናን «ወገኑን ለማላውቀው ሰው ልጄን አልሰጥም» አሉ። ዳንኤላ ደግሞ አባቴ ካልመረቀኝ ከቤት አልወጣም አለች። ናሆም ሳሎኔ ውስጥ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ ያሳደግኩት ልጅ ነው።

ይህን ጋሼ ወርቁ ሰሙ። የወንድሜ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ ኮሎምበስ ውስጥ ስንት የተጣላ ባልና ሚስት አስታርቀዋል። «ሰውየው ምን አጠፉ?» አሉ። «ወገንህ የታለ ነው ያሉት። ሽማግሌ ይላካላቸዋ።» ሁለተኛዋ ሽማግሌ እኔ ሆንኩ። ሴት ሽማግሌ የት አገር አለ ብላቸው «አባቱ የለ፣ እናቱ አዲስ አበባ ናት። አንቺ አክስቱ ነሽ። ሙሉ፣ ዝም ብለሽ ሻንጣሽን አዘጋጂ» አሉኝ። ቸርች ሄጄ ለኮሎምቢያ ጉዞዬ ጸልዩልኝ ብል አንዷ እህት «ኮሎምበስ አይደለሽም እንዴ ያለሽው?» አለችኝ።

መንገድ

በፈረንጆቹ 2021 ሰመሩ ሲያልቅ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ናሆም ከሚኖርበት ከሉዊስ ሴንተር መጥቶ፣ እኔን ሚነርቫ ፓርክ ካለው ቤቴ፣ ጋሼ ወርቁን ከቤታቸው ወስዶ አየር ማረፊያ አደረሰን። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድምና እሱ ቀረ። ልጄ ቤቴል ስሰናበታት ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «ማም፣ ዩል ቢ ፋይን»፣ ምንም አትሆኚም፣ አለችኝ። ለእሷ ቀላል ነው።

የመጀመሪያ ምክሬ፦ ወደ ኮሎምቢያ ስትገቡ ኦንላይን የሚሞላ ፎርም አለ፤ ቤታችሁ ሆናችሁ ሙሉት። ለእኛ የነገረን ሰው ስላልነበረ ፍሎሪዳ ላይ አውሮፕላን ስንቀይር ሰዉ ሁሉ ተሰልፎ እያለ በስልክ ሞላሁት። የጋሼ ወርቁን የትውልድ ቀን ሁለቴ አሳሳትኩ። እሳቸው ከጎኔ ሆነው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሉኛል፤ ያኔማ ጥያቸው ብሄድ በወደድኩ።

ቦጎታ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ይበልጣል። ሰው ሁሉ አየሩ ያማችኋል ብሎ አስጠንቅቆን ነበር። ጋሼ ወርቁ «እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ ምናችን ነው» እያሉ ሲኩራሩ መጡና የሆቴሉን ደረጃ ስንወጣ ሁለታችንም የብረት መደገፊያውን ጨምድደን ያዝን። ሃያ ዓመት ኦሃዮ ሜዳ ላይ የኖረ ሳንባ ደጋውን ረስቶታል። የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ ራት ቀለል አድርጉ። የቧንቧው ውኃ ይጠጣል ይላሉ፤ እኔ ግን የታሸገ ነው የጠጣሁት። ልብስ ደራርባችሁ ሂዱ፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዝናብ ነው፣ ልክ እንደ አዲስ አበባ ሐምሌ።

ዳንኤላ አየር ማረፊያው በር ላይ ጠብቃን ነበር። ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ ልጅ ናት። ከእኔ ጋር በእንግሊዝኛ ነው የምንግባባው። መጀመሪያ ያስተማረችን ነገር ቢኖር «ፓፓያ አትስጡ» የሚለውን ነው። የከተማው ሰው አባባል ነው፤ ስልክህን መንገድ ላይ አውጥተህ ከያዝክ ለሌባ ፓፓያ ልጠህ ሰጠኸው ማለት ነው። ጋሼ ወርቁ ስተረጉምላቸው ደስ አላቸው። «በርህን ሳትዘጋ ሰውን ሌባ አትበል ማለት ነዋ። ጨዋ ሕዝብ ነው።» እኔ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስልኬን ጡት መያዣዬ ውስጥ ወሽቄ ነበር የምሄደው። ታክሲም ከመንገድ አታስቁሙ፣ በአፕ ወይም በሆቴሉ አስጠሩ። ከአየር ማረፊያ እስከ ሆቴላችን በዶላር ዘጠኝ ገደማ ነው የከፈልነው።

እሑድ

የዶን ኤርናን ቤት ቴውሳኪዮ በሚባል ሰፈር፣ በቀይ ሸክላ የተሠራ አሮጌ ቤት ነው። ዝናቡ ካፊያ ነበር። በእግራችን ስንሄድ ናሆም ይደውላል፤ ደረቴ ውስጥ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ እኔ ፓፓያ እንዳልሰጥ ብዬ አላወጣውም። ዝም ስለው ደጋግሞ ኮል አደረገ። በሩ ጋ ስንደርስ ልቤና ስልኩ እኩል ይመቱ ነበር።

ሰውየው ረጅም፣ ሸበቶ፣ ፊታቸው የማይፈታ ናቸው። ከኦሃዮ ይዘንላቸው የሄድነውን በቸኮሌት የተነከረ የኦቾሎኒ ከረሜላ ተቀብለው ወንበር አሳዩን። ጋሼ ወርቁ አልተቀመጡም። እኔም አልተቀመጥኩም። ሰውየው እንደገና ወንበሩን አሳዩ። «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም በያቸው» አሉኝ ጋሼ ወርቁ። እኔ ለዳንኤላ፣ ዳንኤላ ለአባቷ።

እዚህ ላይ ጋሼ ወርቁ ደነገጡ። «ልጅቷ ራሷ ነች እንዴ የምታስተረጉመው? ነውር አይደለም?» ሌላ ሰው የለም አልኳቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን፣ ልጃችንንም ልጅ እንዲያደርጉት ልንለምን መጥተናል» አሉ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ቃላቸውን አሳምሬ ለማስተላለፍ በላብ ተጠመቅሁ። ዳንኤላ ፊቷ ቀልቶ ራሷን ለራሷ ጠየቀች።

ሰውየው ሲናገሩ ጋሼ ወርቁ እንደ አገራችን ሰው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረጉ «አዎ» ይላሉ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ዶን ኤርናን ንግግራቸውን አቋርጠው ተነሱ፣ በጓሮ በኩል ጠፉና ትኩስ የሸንኮራ ስኳር ውኃ ይዘው መጡ። ከፍታው ትንፋሽ ያሳጣቸው መስሏቸዋል። ዳንኤላ ከናሆም ታውቀዋለችና እየሳቀች «አባዬ፣ አልታመሙም፣ በአገራቸው አዎ ማለት ነው» አለቻቸው። ሰውየው ጋሼ ወርቁን ትክ ብለው አዩአቸው፣ ግን አልሳቁም። ከዚያ መልሳቸውን ሰጡ።

«ኖ።»

ይህ ትርጉም አያስፈልገውም ነበር፤ ዳንኤላ ግን ሥራዋ ነውና ወደ እኔ ዞራ «ኖ አለ» ብላ በእንግሊዝኛ ተረጎመችልኝ። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት እውነት ነው። ናሆም ሳሎኔ ውስጥ ያለቀሰው ታየኝ።

ጋሼ ወርቁ ግን ፊታቸው በራ። ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና «በጣም ጥሩ። ነገ እንመለሳለን» አሉ።

ውጭ ስንወጣ ተቆጣኋቸው። «ጋሼ፣ እምቢ እኮ ነው ያሉት!»

«ታዲያ መጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት አይተሽ ታውቂያለሽ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ልጃቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው።»

«የእነሱ እምቢታ እንደኛ ለወጉ አይደለም። የምራቸውን ነው።»

«የምራቸውን ከሆነም መመለሳችን አይቀር።»

ምግብ ቤት ገብተን ዶሮና ሦስት ዓይነት ድንች ያለበት አሂያኮ የሚባል ሾርባ አዘዝን። ቦጎታ ከሄዳችሁ እሱን ሳትበሉ እንዳትመለሱ፤ እኔ ግን ጣዕሙን አልነግራችሁም፣ አንድ ማንኪያ አልወረደልኝም። ጋሼ ወርቁ የራሳቸውን ጨርሰው የኔንም በሉልኝ። ለናሆም «ገና ነው» ብዬ ጻፍኩለት።

ሰኞ

ዶን ኤርናን በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ዝናቡ ጫማችንን አበስብሶታል። «ትናንት ኖ አልኩ እኮ» አሉ።

«አዎ» አሉ ጋሼ ወርቁ። «ለዚህ ነው የመጣነው።»

ሰውየው የበሰበሰውን ጫማችንን አዩ። እኔ ፖሊስ ይጠራሉ ብዬ ነበር። በመጨረሻ «ቢያንስ ዛሬ ተቀመጡ» አሉና ተቀመጥን። አይብ የተጨመረበት ትኩስ ቸኮሌት ቀረበልን። ከዚያ ሲጠይቁ ዋሉ። ብትታመም ማነው ሆስፒታል የሚወስዳት? «እኔ» አልኩ፤ ሥራዬም በሽተኛና አረጋዊ መንከባከብ ነው፤ አፐር አርሊንግተን ያሉትን አሮጊት ደንበኛዬን እንደ እናቴ ነው የማያቸው። ቢበድላትስ ለማን ትናገራለች? ጋሼ ወርቁ ደረታቸውን ነኩ። «ቆመን የለመንናት እኛ ነን። ቢበድላት እኛ ፊት ይቆማል።» ዳንኤላ ይህን ስትተረጉም አባቷን አላየቻቸውም፣ እጇን ነበር የምታየው።

ሲጨርሱ አስብበታለሁ ብቻ አሉ።

ማክሰኞ ወደ አሜሪካ መመለሻ የሚጠየቀውን የኮቪድ ምርመራ አደረግን። አንድ ምክር፦ ክሊኒክ ውስጥ አዎ ማለት ስትፈልጉ በአፋችሁ «ሲ» በሉ፣ ትንፋሻችሁን አትሳቡ። ጋሼ ወርቁ ረስተው ሲስቡ ነርሷ ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያ ሰካችባቸው። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ በአእምሮዬ እዚያው ታስሬ ቀርቼ ነበር። ሁለታችንም ነጻ ሆንን።

ረቡዕ ዳንኤላ ሥራ ስለነበራት አየር ማረፊያ ያደረሱን አባቷ ናቸው። የጋራ ቋንቋ የለንም። በዚያ ጊዜ ተጓዥ ያልሆነ ሰው ከበሩ አያልፍም ነበር፤ ሻንጣዬን አወረዱልኝ፣ ጋሼ ወርቁ ጋሪያቸውን እየገፉ ቀደሙ። መግባት ነበረብኝ፤ እግሬ ግን እምቢ አለ። ልጁን ምን ብዬ አየዋለሁ? ሁለት ሌባ ጣቶቼን ጎን ለጎን አጋጠምኩና «ናሆም፣ ዳንኤላ?» አልኳቸው። ሌላ ቃል የለኝም።

ጣቶቼን አዩ። ከዚያ በማስኩ ውስጥ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። መልሼ ሳልጠይቃቸው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ለጋሼ ወርቁ ነገርኳቸው።

«ሰምተሽዋል ወይስ ተመኝተሽዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰውየው ሻንጣሽን አውርደው ነው። ደክሟቸው ተንፍሰው ቢሆንስ? ሻንጣሽ ደግሞ ይከብዳል።»

እስከ ፍሎሪዳ ድረስ ትንፋሼን እየሳብኩ ከድካም ትንፋሽ ጋር ሳስተያይ ቆየሁ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ማስኩን ጠበቅ አደረገ።

ኮሎምበስ

ናሆም መውጫው ላይ ቆሞ ነበር፣ ዓይኑ ቀልቷል። «አክስቴ፣ ሰውየውን ምን አድርጋችኋቸው ነው?»

«ምን ሆኑ?»

«እናንተን አድርሰው ቤት ሲገቡ ዳንኤላን፣ ኮሎምበስ በጃንዋሪ ምን ያህል ይበርዳል ብለው ጠየቋት። ለሰርግ የሚሆን ወፍራም ኮት የላቸውም።»

ጋሼ ወርቁ ሻንጣቸውን መሬት ላይ አኖሩ። «ሰምተሻል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው በዳንኤላ በኩል አላቆመም። መንገድ ላይ ስልክ ማውጣት ይቻላል? የቧንቧው ውኃ ይጠጣል? በረዶው ላይ ሰው ይወድቃል? እኔ ለካ ደፋር ነኝ፤ ሰውየው ከኔ ይብሳሉ። ያን እሑድ «ኖ» ያሉን ጨክነው ሳይሆን ፈርተው እንደነበር ከጥያቄያቸው ነው የገባኝ። የፈራ ሰው አንዴ ተጠይቆ አይመልስም፤ ተመልሶ የሚመጣለት ይፈልጋል። ይህንን ቦጎታ ሄጄ ነው የተማርኩት፣ ጋሼ ወርቁ ግን ሳይሄዱም ያውቁት ነበር።

ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ መልስ ጻፍኩላቸው። ስልክዎን ያውጡ፣ ውኃውን ይጠጡ፣ በረዶው ላይ ቀስ ብለው ይራመዱ፣ ኮቱን እዚህ እንገዛልዎታለን። ታክሲ አያስጠሩ። በሩ ላይ ቆመን እንጠብቅዎታለን።