ሁለት ዳይስ ሲቀር

ታናሽ ወንድሜ ዳይሶቹን ኩባያ ውስጥ ከትቶ ሲያንኳኳቸው ዛሬም ያ የሆስፒታል ቀን ትዝ ይለኛል።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ዲኬተር ከተማ አጠገብ ባለ ሆስፒታል እናቴ ልትወልድ በአስቸኳይ ኦፕሬሽን ክፍል ሲያስገቧት፣ አባዬ ከሚነዳው ታክሲ ውስጥ በየገጻቸው ነጥብ ያለባቸው ስድስት የመጫወቻ ዳይስ አመጣ። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ከሾፌር ጓደኞቹ ጋር የሚጫወትባቸው ናቸው። አንድና አምስት ነጥብ ያስገኛሉ፤ ነጥብ ያመጣው ዳይስ ወደ ጎን ይቀመጥና የቀረው እንደገና ይወረወራል፤ ምንም ያላመጣ ውርወራ ግን በዚያ ተራ የሰበሰብሽውን ሁሉ ይበላዋል።

«ዳይሱ ብዙ ሲሆን ወርውሪ» አለኝ። «ሁለት ሲቀርሽ ግን የያዝሽውን ይዘሽ አቁሚ። ዳይሱ ሲያንስ ስስትሽም ይነስ።»

እኔ እንዳለኝ አቆምኩ። እሱ ግን ሁለት ሲቀረውም ወረወረ፤ ነጥቡ ተበላ። በሚቀጥለውም ተራ እንደዚያው። የሚወረውርበት የወረቀት ኩባያ በእጁ ላብ ርሶ ተጣሞ ነበር።

«አባዬ፣ አቁሚ አላልከኝም?»

«እሱ መምረጥ ሲቻል ነው» አለኝ በሩን እያየ። አልገባኝም።

ነርሷ ስትወጣ ዳይሶቹን ጨብጦ ተነሳ። «ሁለቱም ደህና ናቸው» ብላው እንኳን ጭብጡን ቶሎ አልፈታም።

ያን ቀን የተወለደው ወንድሜ አሁን ማሪዬታ ባለው ቤታችን ከእናቴ ጋር ይጫወታል። አንድ ዳይስ ብቻ ቀርቷታል፤ አንስታ ኩባያው ውስጥ ጣለችው።

«ማሚ፣ ስቶፕ አድርጊ እንጂ።»

«ምን እንዳልሆን ብለህ ነው?» አለችው እየሳቀች።

አባዬ እንደዚያን ቀን በሩን አየና «መኪናውን መቆለፌን ልይ» ብሎ ተነስቶ ወጣ። የመኪናው ቁልፍ ግን ጠረጴዛው ላይ ነው።