ማነው የሚዘጋው?

በመሥሪያ ቤት አማርኛ ማንም ምንም አይሠራም። ሁሉም ነገር ይከናወናል። ስብሰባ ይካሄዳል፣ ችግር ይቀረፋል፣ አቅጣጫ ይቀመጣል። አድራጊው የት ሄደ ብላችሁ ብትጠይቁ ምሳ ወጥቷል።

እኔ አማርኛን የተማርኩት አድጌ ነው። አፌን የፈታሁት ኦቾሎ ተራራ ላይ፣ በጋሞኛ ነው፤ አርባ ምንጭ ወርጄ የማታ ትምህርት ስጀምር እኩዮቼ ልጆቻቸውን ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ የተጻፈውን ያምናል። አንድ ቃል ባነበብኩ ቁጥር ምን ማለቱ ነው እላለሁ። ሌሎቹ ከቃሉ ጋር ስለተላመዱ ሰላም ብለውት ያልፋሉ።

ይኸው ልማዴ መመሪያ ጸሐፊ አደረገኝ። አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር ያለ፣ በመስኖ ሥራ ገበሬን የሚያግዝ አንድ መሥሪያ ቤት በኮንትራት ቀጠረኝ። ሥራዬ የውሃ መሳቢያ ሞተር አጠቃቀምን በአማርኛ መጻፍ ነበር። የመመሪያዋ መጽሐፍ ጸድቃ ስትታተም ቋሚ እንደምሆን አለቃዬ ነገረኝ። ዓመታት ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስተይብ ኖሬ፣ ራሴ የምጽፈው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሙያ ሊባልልኝ ነበር። በጣም ፈለግኩት።

አስቀድሞ ግን ክህሎቴ መዳበር ነበረበት። የዳበረው ሐይቁ ቁልቁል በሚታይበት አዳራሽ ነው። አሠልጣኙ «ግልጽ ጽሑፍ አጭር ነው» የምትለዋን አንዲት ሐሳብ ከቁርስ እስከ ምሳ አብራሩ። በምሳሌነት ግድግዳው ላይ ያሳዩን ዓረፍተ ነገር ገጹን ሞልቶም ግሡ ጋ አልደረሰም። አጠገቤ የተቀመጠው ባልደረባዬ ጠጋ ብሎ፣ «ግሡ ከሰዓት በኋላ ነው መሰለኝ» አለኝ። ከሰዓት በኋላም አልመጣም። የምስክር ወረቀት ግን መጣ፤ ቀኑን ሙሉ ሐይቁን ሲያይ ለዋለውም ጭምር።

ጽሑፌን አስገባሁ። «ሞተሩን አጥፉ። የነዳጁን ቧንቧ ዝጉ።» አለቃዬ ቀይ እስክሪብቶውን እንደያዘ አስጠራኝ።

«እህቴ፣ ይሄ ምንድነው? አጥፉ፣ ዝጉ... ገበሬውን ልታዢው ነው?»

«ሥራውን ልነግረው ነው።»

«ጨዋነት የለውም። መመሪያ እኮ ነው፣ ጠብ አይደለም።»

የእኔን ሰርዞ ከላይ የራሱን ጻፈ፦ «ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የነዳጅ ቧንቧው ይዘጋል።»

«ጋሼ፣ ማነው የሚዘጋው?»

«ማነው ማለት ምን ማለት ነው? ይዘጋላ!»

«በራሱ?»

«ወይ አንቺ! አማርኛው ስለሚከብድሽ ነው እንጂ ይሄ ለማን ይጠፋዋል?»

በሩ ይዘጋል ሲባል የሚዘጋው ነፋስ ይሁን ዘበኛ እንደማይታወቅ፣ አማርኛ የማይከብደው ሰው አስቦት አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ ከመታተሙ በፊት አንድ ሰው ፊታችን አንብቦ ይሥራበት። እሺ አለ። እሺ ያለው ለጽሑፉ አስቦ አይደለም፤ ገበሬዎቻችን ወዳሉበት ጫኖ ቀበሌ የሚሄድበትን ምክንያት ገፍቶ አያውቅም። ከዚያ ሲመለስ የመኪናው ኋላ በሙዝ ይሞላል።

ጫኖ ላይ የመረጥናቸው የሙዝ ማሳ ያላቸው አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱስ በማንበብ የሠለጠነ ጥሩ ዓይን አላቸው። አለቃዬ ጎንበስ ብሎ፣ «እናቴ፣ ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ከዚያ እንደተጻፈው ያድርጉ። እኛን እንደሌለን ይቁጠሩን» አላቸው። እየተንተባተበ የሚሄደውን አሮጌ ሞተር አጠፉት። ወረቀቱን ቀና አድርገው «የነዳጅ ቧንቧው ይዘጋል» ብለው አነበቡ። ከዚያም ቦዩ ዳር ቁጭ አሉ።

ከሞተሩ ሥር ቤንዚን መንጠባጠብ ጀመረ። ሴትዮዋ ቧንቧውን ያያሉ። አለቃዬ ሴትዮዋን ያያል። እኔ አለቃዬን አያለሁ። ቤንዚኑ ወደ ጫማው ሲጠጋ ጨዋነቱ አለቀ።

«ዝጊው! ዝጊው እንጂ አንቺ ሴትዮ!»

ሳይነሡ ቀና ብለው አዩት። «ምን ያስቆጣሃል ልጄ? ይዘጋል ይላል። እየጠበቅኩት ነው።»

ሄጄ ዘጋሁት።

ወደ ከተማ ተመለስን። ሲቀላ ሰፈር ስንደርስ፣ ጭኑ ላይ ያለውን የሙዝ ዘለላ እያስተካከለ፣ «ያው የግንዛቤ እጥረት ነው» አለ። የማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ቢሆንም ነገሩ ሳይነካው አልቀረም፤ ኮሚቴ ሰበሰበ። ኮሚቴው መከረ፣ ሻይ ጠጣ፣ ዓረፍተ ነገሩን አሻሻለ። አለቃዬ ድል እንዳደረገ ሰው ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው፦ «የነዳጅ ቧንቧው እንዲዘጋ ይደረጋል።»

«አሁንስ ደስ አለሽ?»

«አሁንማ ሁለት ሰው ጠፋብን። የሚዘጋውም የሚያስዘጋውም።»

የሽፋኑን ረቂቅና የሕትመት ማረጋገጫውን ፊቴ አስቀመጠ። ከሽፋኑ ሥር «አዘጋጅ» ይልና ስሜ ተጽፏል። ማረጋገጫውን ከፈረምኩ የቋሚነቱ ደብዳቤ በማግስቱ ይወጣል። እስክሪብቶ አነሣሁ። እውነቱን ለመናገር እጄ ወደ ወረቀቱ ሄዶ ነበር። ከዚያ ቦዩ ዳር ቁጭ ብለው የሚጠብቁት ሴትዮ መጡብኝ፤ ይህን ይዘው አሁንም ይጠብቃሉ፤ ከሥር ደግሞ የእኔ ስም አለ።

«ስሜን ያውጡልኝ» አልኩት።

«እንዴ! ታዲያ ማን አዘጋጀው ልንል ነው?»

«ተዘጋጀ ይበሉ።»

ፊቱ ሲቀላ ያየሁት ያን ቀን ነው። ብዙም ሳይቆይ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ውሌ እንዳይታደስ ተደርጓል ይላል። ማን እንዳደረገው አይናገርም። እንደ ደንቡ ነው።

አሁን ሲቀላ ገበያ አጠገብ ሞተር ለሚሸጥ ነጋዴ እጽፋለሁ፤ ሞተር ሲሸጥ አብሮ የምትሰጥ አንዲት ገጽ። እሱ ሥልጠና ገብቶ አያውቅም፤ ሞተሩ ሲበላሽ ግን ደንበኛው የሚጮኸው እሱ ላይ ስለሆነ «አጥፉ» እና «ዝጉ» አያስደነግጡትም። ሌሎች ሻጮችም እየመጡ ያስጽፉኛል። ቋሚ አይደለሁም። የመጀመሪያዋን ገጽ ይዤ ጫኖ ወረድኩ። ሴትዮዋ አነበቡ፣ ተነሡ፣ ዘጉት። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው አዩና፣ «ያ ተቆጪው ሰውዬስ?» አሉኝ።

«ሥልጠና ላይ ነው» አልኳቸው።